ምክንያት፦ እርጅና

ድንጋይ ሲያረጅ፣ በእኛ ከተማ፣ ቅርስ ነው፤ አጥር አለው፣ ቲኬት አለው፤
ብረት ሲያረጅ ግን ቆራሌው ነው በር ላይ ቆሞ የሚጠራው።

አዘዞ፣ ከወይዘሮ አንጓች ግቢ፣ ከዋንዛው ሥር
ሠላሳ ሁለት ክረምት የቆመች ሚሌ ቼንቶ፣ ዶሮ የሚያድርባት፣
ጎማዋን መሬት የዋጠው፣ በመስኮቷ ሐረግ የሚገባባት።
ልጃቸው ምንይችል «ለጥር ሠርጌ ትድረስልኝ» አለና
በአይሱዙ ጭኖ አመጣት፣ አውቶፓርኮ፣ እኔ ጋ፣ ገና
ካቻቢቴዬን ሳልጠርግ።

ኮፈኗን ስከፍት የአይጥ ጎጆ፣ የዋንዛ ፍሬ፣ የደረቀ እንሽላሊት።
ማንዌላውን ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት፤
ወይ ፍንክች።
ሞተሩ ነክሷል።
የሚያውቀውን የማይናገር ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱን ይነክሳል።

በየሲሊንደሩ ናፍታ አፈሰስኩ፣ ሳምንት አቆየሁ፤
እንደ በሽተኛ፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ አየሁ።
በስምንተኛው ቀን ፒስቶኑን በመዶሻ እጀታ ባንኳኳው
«እህ» አለ። በሠላሳ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ልጅ ሆኜ፣ በአታ፣ አቋቋም ቤት ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፤
ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፤ እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ።
ጽፋት ላይ እግሬ ተሳስሮ መሪጌታ «አንተስ ብረት ቀጥቅጥ» ቢሉኝ
ስድብ መስሏቸው ነበር፤ መረቁኝ።
አራት ሲሊንደርም ያው ነው፦ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ይነድዳል፣ ይተነፍሳል፤
አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ተራውን የሳተ ማኅሌቱን ያፈርሳል።

ቴስታታውን አነሣሁ። የዘይቱን ኮፓ ፈታሁ።
ዘይቱ ሬንጅ ሆኗል። በጣቴ ባሸው፣
አሸዋ።
ነጭ፣ ደቃቅ፣ የወንዝ አሸዋ።
አቧራ አይደለም፤ አቧራ የሚገባበት በር ይታወቃል።
ብሮንዚኑ ተፍቋል፤ ክራንኩ እንደ ታረሰ ማሳ ተተልሟል።
ይህ መርሳት አይደለም። ይህ እጅ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ሐሙስ መጡ፣ ከገበያ መልስ፣ ጨው በዘንቢል ይዘው።
በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው።
አላለቀሱም። በጥፍራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።
«የአንገረብ ነው» አሉ። «ሦስት ጭልፋ።
መኪናዋን ከነሾፌሯ ለግዳጅ ሊወስዱ፣ ማለዳ ሊመጡ ነበር፤
ከጎረቤት የሄደው፣ ጫማው እንኳ አልተመለሰም።
ማማሩ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ ሲያጥባት ውሎ።
ማለዳ አስነሣት፤ ከግቢ ሳትወጣ ጮኸች፣ ቆመች።
በእርግጫ መቷት፣ ሰድበዋት ሄዱ።»

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ተነፈሰ።

«ዘይት ሳልቀይርላት ገደልኳት እያለ ኖረ እኮ፣ እስኪሞት።
ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ሲያብስ፣ ይቅር በይኝ ሲላት እሰማለሁ፤
እኔ ወጥ አማስላለሁ፤
በዚያው ጭልፋ።»

ክራንኩን ባሕር ዳር ልኬ አስሞረድኩ፤
ፋሻው ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ።
አንዱ ፒስቶን ግን የድሮው ነው፣ ከነጭረቱ፤
ምትክ አልተገኘለትም። ወይም አልፈለግሁለትም።

ምንይችል «ምን ነበር የገደላት?» ሲለኝ ደረሰኙን ሳብኩ፤
«ምክንያት» ከሚለው ፊት «እርጅና» ብዬ ጻፍኩ።

ጥር ሦስት፣ ሲመሽ፣ ካርቡራተሯን ቤንዚን በለስላሳ ጠርሙስ አጠጣኋት።
ማንዌላውን አንዴ። ሁለቴ።
በሦስተኛው ሳለች፣ ጥቁር ተፋች፣ ያዘች።
የአውቶፓርኮ ልጆች አፏጩ፤ ባለ ጋሪው ፈረሱን ያዘ።

እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣
ተማሪ ዜማ እንደሚያርም መሪጌታ።
«ትንሽ ትዘገያለች» አሉ።
እውነት ነው፤ እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ በፀጉር ስንጥቅ፤
በቁልፍ ሩብ ዙር የሚቃና ነገር።
ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።
«ተወው። አታጥፋው። ቤንዚኑ እስኪያልቅ።»

ከሾፌሩ ጎን ያለውን በር ከፍተው ገቡ፤ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።
የሾፌሩ ቦታ ባዶውን ነበር።
እኔ ጨርቅ ፍለጋ ዞር አልኩ።